ዘመድ ያለበት ዩኒቨርሲቲ

ዩኒቨርሲቲ በምን ይመረጣል ትላላችሁ? በትምህርቱ? እንግዲያው ቡታጅራን አታውቋትም! እኛ ዘንድ የሚመረጠው በሱቅ ነው።

የልጄ ልጅ ፈቲያ የመሰናዶ ውጤቷ አምሮ የመጣ ዕለት ቤቴ የሠርግ ቤት መሰለ። ዘመድ ሁሉ የምርጫ ፎርሙን ከቦ ተቀመጠ፤ እስክሪብቶው፣ ሽማግሌ ነኝና፣ በእኔ እጅ ነው።

«ሐረር ጻፉ! አጎቷ ጨርቅ ቤት አለው» አለ ወንድሜ።

«መቀሌ ይሻላል! አክስቷ እዚያ ቅመም ትሸጣለች» አለች ምራቴ።

ፈቲያ ግን «አባባ፣ እኔ ሕክምና መማር የምፈልገው ጅማ ነው» አለችኝ።

«ጅማ ማን አለን?»

«ማንም።»

«ታዲያ ብትታመሚ ማን ያስታምምሻል?»

«አባባ! የምሄደው እኮ ሐኪም ልሆን ነው!»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። እኔም እየሳቅሁ ጅማን አንደኛ አድርጌ ጻፍኩ። ምደባው እስኪነገር ልጅቷ እንቅልፏን ስትተኛ እኔ ስገላበጥ ከረምኩ። ጅማ ደረሳት! እልልታው ሲበርድ ግን ያ ጥያቄ እንዳለ ነበር፤ ጅማ ማን አለን?

አሁንማ አለን። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ሳሙናና ብስኩት የሚሸጥ፣ በስተርጅና ሱቅ የከፈተ አንድ ሽማግሌ አለን። ፈቲያ አልሐምዱሊላህ ዘመዷን አትረሳም፤ ሳሙና ባለቀባት ቁጥር ትጠይቀኛለች።