ሰው አይቶ የሚለወጥ ቅባት

አንባቢ ሆይ፣ ሰው አይቶ የሚለወጥ ቅባት ገጥሞህ ያውቃል? እኔ በባሕር ዳር አንድ የመዋቢያ ሱቅ ስቀጠር ገጠመኝ። ከካናቢስ ቅጠል የተሠራ ነው እየተባለ የሚሸጥ የፊት ቅባት ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ሙሉ ከዘንዘልማ መጡ። ልጃቸው ልትዳር ነው፤ ፊቷ ላይ ግን ሽፍታ ቶሎ ይወጣባታል።

«እትዬ፣ ይህ ንጹሕ ቅጠል ነው! ኬሚካል አልነካውም» አላቸው አለቃዬ።

እሳቸው ቅባቱን እንደያዙ የአለቃዬን ቃል የሰማ ተቆጣጣሪ ገባ። «ይህ ቅጠል ክልክል መሆኑን አታውቅም?»

አለቃዬ ሳቀ። «የምን ቅጠል ጌታው? በላቦራቶሪ የተሠራ ነው፤ ቅጠል በዓይኑም አላየ!»

«በላቦራቶሪ ቢሠራም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ወረቀቱስ የታለ?»

አለቃዬ ወረቀት የሚፈልግ መስሎ ጣራውን አየ። መቼም ወረቀት ጣራ ላይ አይበቅልም።

እትዬ ሙሉ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ የልጄ ፊት ነው። እውነቱን ንገሪኝ፣ ምንድን ነው?»

እኔ ሰው ሲያየኝ አንገቴን የምደፋ ነኝ። ያን ቀን ግን ቀና አልሁ።

«እርስዎ ሲገቡ ቅጠል ነው፤ ተቆጣጣሪ ሲገባ የላቦራቶሪ ነው።»

እሳቸው ቅባቱን አስቀምጠው ወጡ፤ እኔም ተከትያቸው ወጣሁ። አሁን ገበያ ላይ ቅቤ እሸጣለሁ። ማንም ቢመጣ ቅቤ ነው።