ክቡር አይጠፋም

ቤት ሲቃጠል «ተረጋጉ» የሚል አንድ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አይታጣም። የኛው ደግሞ ብሶበት ሙዝ ይልጣል።

የተማሪ ዩኒፎርም በኢንተርኔት እንሸጣለን። ደንበኛ ድረ ገጹ ላይ ያዛል፣ ትእዛዙ ወደ መጋዘኑ ሰርቨር ይሄዳል። ድሮ ሁለቱ ሰርቨሮች ፊት ለፊት ነበር የሚነጋገሩት፤ አንዱ ካንቀላፋ የሌላው ወሬ ሁሉ ውሃ በላው። የኮምፒውተር ባለሙያችን መጣና መሃላቸው ሽማግሌ አስቀመጠ፤ መልእክት አቀባይ ፕሮግራም።

«ከዚህ ይቀበላል፣ ወረፋ ያስይዛል፣ ያኛው ሲነቃ ያቀብላል። ‹ደርሷል› ካልተባለ ከእጁ አይለቅም። መልእክት ይዘገያል እንጂ አይጠፋም!»

በዚያው ባለሙያው «ክቡር አይጠፋም» ተባለ።

ጣጣው፣ ራሱም እንደ ፕሮግራሙ መኖር ጀመረ። «ሻይ ትጠጣለህ?» ስንለው «ደርሷል» ይላል፤ መልሱ ከምሳ በኋላ ይመጣል። ሥራ አስኪያጁ ከበር ሲጠሩት «ወረፋ ላይ ነዎት ጌታዬ!» ይላቸዋል። እናቱን እንኳ በስልክ «እማዬ፣ ደርሷል በይኝ እንጂ!» ሲላቸው፣ «ምኑ ነው የሚደርሰው አንተ ልጅ? ማታ ቤት ትመጣ የለም እንዴ!» ብለው ጆሮው ላይ ዘጉበት።

ትምህርት ሊከፈት ሲል የመጋዘኑ ሰርቨር ቀጥ አለ። ድረ ገጹ ግን ትእዛዙን ይቀበላል።

«ዝጉት!» ሥራ አስኪያጁ ጮኹ። «ይሄ ሁሉ ልጅ ያለ ዩኒፎርም ሊቀር ነው!»

የደንበኞች ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ፤ እናቶቹን ምን ልበላቸው?

«አይዘጋም» አለ ክቡርነታቸው፣ ሙዝ እየላጠ። «ሁሉም ወረፋ ይዟል።»

ሙዙን ትቶ ልጣጩን ሲነክስ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከቀትር በኋላ ሰርቨሩ ነቃ። ወዲያው የሸሚዙ፣ የቀሚሱ፣ የሹራቡ ትእዛዝ ከማተሚያው እንደ ሠርገኛ ተሰልፎ ይወርድ ጀመር! አንድ አልጎደለ፣ አንድ አልተደገመ። መጋዘኑ በእልልታ ተናጋ። ሥራ አስኪያጁ የሚያቅፉት ሰው አጥተው ማተሚያ ማሽኑን አቀፉ።

እኔም ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ።

«ደርሷል» አልኩት።

«ምኑ?»

አይ አዋቂ! ከወራት በፊት ደረጃው ላይ «ታገቢኛለሽ?» ብሎኝ፣ ጥዬው ሮጬ ነበር። አልነዘነዘኝም፣ ዳግም አልጠየቀኝም። ዝም ብሎ ጠበቀ።

«የደረጃው ላይ ጥያቄ» አልኩት። «እሺ ብያለሁ።»

ክቡርነታቸው ወንበራቸውን ስተው መሬት ተቀመጡ።

ዛሬ ልጃችንን «ነይ ገላሽን ታጠቢ!» ስላት፣ ከአልጋ ሥር «ደርሷል!» ትለኛለች። እኔም ፎጣዬን ይዤ እጠብቃለሁ። የማን ልጅ ሆና!