የብሎካችን ነጻነት ወዳዶች

ሰው ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ኖሮ፣ የት እንደቆመ ሳያውቅ ይቀራል? እኔ ቀርቼ ነበር። ላፍቶ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ እንደምኖር አውቃለሁ። በፖለቲካ የት እንደቆምኩ ግን የነገረችኝ ልጄ ሜሮን ናት። ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካል ሳይንስ ታጠናለች። ሥራ ታገኝበታለች ብዬ አይደለም፤ መርጣለች፣ ምን ላድርግ?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወረቀት ላይ በአንድ ጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ሣለች። ነገሩ ቀላል ነው አለችኝ። ሰው በግል ኑሮው የፈለገውን ይሁን ትላለህ ወይ? በሥራው፣ በንግዱስ የፈለገውን ያድርግ ትላለህ ወይ? ሁለቱንም የፈቀደ ላይኛው ጫፍ ላይ ይወጣል። ሁለቱንም የከለከለ ታች ይወርዳል። አንዱን ፈቅዶ ሌላውን የነሳ ደግሞ እንደ ምርጫው ግራና ቀኝ ይቀመጣል። የዓለም ፖለቲከኛ በሙሉ እዚህች ወረቀት ላይ ቦታ አለው አለች። እኔ እንኳ ለፖለቲከኛ ይህን ያህል ቦታ አልሰጥም ነበር።

ከዚያ ትጠይቀኝ ጀመር። ሰው የሚለብሰውን ሌላ ይወስንለት? ምን አገባው! ጎረቤትህ ቤት ማን ገባ ማን ወጣ ብለህ ትከታተላለህ? በፍጹም! (እዚህ ላይ እናቷ ኩሽና ሆና ሳቀች።) ሰው የፈለገውን ዕቃ በፈለገበት ይሽጥ? ይሽጥ እንጂ፣ ሠርቶ ቢበላ ማንን ጎዳ? ሜሮን ነጥቤን አስቀመጠች። አናቱ ላይ! አባዬ፣ አንተ እኮ የለየልህ ነጻነት ወዳድ ነህ አለችኝ።

ሰኞ የታክሲ ሰልፍ ላይ ደረቴን ነፍቼ ነው የቆምኩት። ነገሩም ልክፍት ሆነብኝ፤ ያገኘሁትን ጎረቤት ሁሉ እያስቆምኩ መጠየቅ ያዝኩ። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበራችን አቶ ከፍያለው፣ ኮሪደሩ ላይ የራሱን የብረት በር ገጥሞ መተላለፊያውን የግሉ ያደረገው ሰውዬ፣ ነጥቡ እኔው ነጥብ ላይ ተደረበ። ሌላውም እየተከታተለ አናቱ ላይ ወጣ። ለካ እንዲህ ያለ ሰፈር ነው የምኖረው ብዬ ተገረምኩ።

እሺ ብለው ያልመለሱት እትዬ ዘነቡ ብቻ ናቸው። የሚኖሩት ግራውንድ ላይ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የመኝታ ቤታቸውን መስኮት ከፍተው ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ዳቦ ይሸጣሉ። እግራቸው ስለሚያብጥ ወጥተው ገበያ መዋል አይችሉም። የሚበሉት ከዚያች መስኮት ነው፤ ሌላ ምንም የላቸውም። ሜሮን ዳቦ ልትገዛ ሄዳ ብትጠይቃቸው፣ “ትክክለኛው መልስ የቱ ነው ልጄ? እሱን ጻፊልኝ” አሏት። ትክክል የሚባል የለም፣ እርስዎ የሚያምኑበትን ነው ብትላቸው፣ “እንግዲያው ሌሎቹ ያሉትን ጻፊልኝ” አሉ። ልጄ ተናዳ ተመለሰች። እኔ ያን ቀን በጣም ስቄ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ የመረጡኝ ጽሑፌ ስለሚነበብ ብቻ ነው። ይኸው ኮሚቴ እድራችንንም ይመራል። አጀንዳው አንድ ነበር፦ የእትዬ ዘነቡ መስኮት ይዘጋ። አቶ ከፍያለው የሕንፃው ገጽታ ተበላሸ አለ። አንዱ ሽንኩርት ባለበት ዝንብ አይጠፋም አለ። አንዷ ደግሞ ሰው በንግዱ ነጻ መሆን አለበት፣ ግን ለምን እኛ ብሎክ ሥር ይሆናል አለች። ሁሉም እኮ የጠዋት ዳቦ የሚገዙት ከዚያው መስኮት ነው! ሁሉም እኮ አናቱ ላይ ነበሩ!

አንተስ ምን አልክ ትሉኝ ይሆናል። ምን እላለሁ? በረንዳዬን በመስታወት ለመዝጋት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። የሚፈርመው አቶ ከፍያለው ነው። ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ “ሰፊ ውይይት ከተደረገበት በኋላ” ብዬ ጻፍኩ። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ ተባለ። ቀኝ እጄ እየጻፈ ግራ እጄ ወጣ። አፈርኩ፤ እውነቴን ነው፣ በጣም አፈርኩ። ግን አላወረድኩትም።

ልቆጥር ቀና አልኩ። በሩ አጠገብ እትዬ ዘነቡ ባንድ እጃቸው ነጠላቸውን ይዘው፣ ሌላውን ከሁላችን በላይ ዘርግተው አንስተዋል። ነገሩ ያልገባቸው መሰለኝ።

“እትዬ ዘነቡ፣ የርስዎን መስኮት እኮ ነው የምንዘጋው!” አልኳቸው።

“ሰምቻለሁ፤ አልደነቆርኩም” አሉኝ። “ሁላችሁም አውጥታችሁ እኔ ለብቻዬ እጄን ልሰብስብ? ነገ ስሞት የሚቀብረኝ መስኮቱ ነው?”

አቶ ከፍያለው ወደ እኔ ዞሮ ይመዝገብ አለ።

ቤት ስገባ ሜሮን ምን ተወሰነ አለችኝ። ነገርኳት። አንተስ ተናገርክ ወይ አለችኝ። ሰዓት አልበቃም አልኳት። ትንሽ አይታኝ ክፍሏ ገባች። ድሮ ተስፋ የምቆርጠው በባለሥልጣን ነበር፤ እሱ ቀላል ነው፣ ዜናውን ታጠፋለህ፣ ትተኛለህ። በገዛ ግራ እጁ ተስፋ የቆረጠ ሰው ምን ያጥፋ?

ቃለ ጉባኤውን ማክሰኞ አስፈረምኩ፤ መስኮቱ ረቡዕ ተዘጋ። እንግዲህ እኔ ለዓመታት ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ። ሁልጊዜ አንድ ያኮረፈ፣ አንድ ያንቀላፋ፣ አንድ ስልክ ሊያናግር የወጣ አይጠፋም፤ እኔ ግን መጨረሻው ላይ “በሙሉ ድምፅ ተወሰነ” ብዬ እዘጋዋለሁ። ይቺን ቃል ሳልዋሽ የጻፍኩት የዚያን እሑድ ብቻ ነው።