የውሰት የኋላ መብራት

ሰው የሚጨነቀው ለፊቱ ነው። መስታወት ፊት ቆሞ ፀጉሩን ያበጥራል፣ ኮሌታውን ያስተካክላል፤ ሱሪው ከኋላ ተቀዶ እንደሆነ የሚነግረው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ያውም ደግ ሰው ከገጠመው። መኪናም ያው ነው። የፊት መብራታችሁ ቢጠፋ መንገዱ ራሱ ይነግራችኋል። የኋላው ቢጠፋ ግን እናንተ በሰላም ትነዳላችሁ፤ መከራው ከኋላ ለሚመጣው ነው። እኔም በዚህ ዓይነት ሰላም ስንት ጊዜ እንደነዳሁ አላውቅም።

ሰላሜን ያደፈረሰው ቦሎ ነው። ዓመታዊው ምርመራ ሲደርስ የሀና ማርያም መካኒካችን ፍሬን እርገጥ አለኝና ዞሮ ከኋላ አየ። "ጨለማ ነው" አለኝ። ውስጡ ዝጎ አልቋል፤ መብራቱ እንዳለ መቀየር አለበት። የመኪናዬን መለዋወጫ ይሸጡ የነበሩት ሰዎች ደግሞ ጡረታ ወጥተዋል።

ጎረቤቴ ጋሽ ታደለ ጡረተኛ መምህር ናቸው። መኪናቸው ከቀለሟ በስተቀር የእኔዋ መንትያ ናት። በእኛ ሰፈር ለሠርግ ብረት ድስት፣ ለለቅሶ ድንኳን፣ ለቦሎ ደግሞ የኋላ መብራት መዋስ ነውር አይደለም። የእሳቸውን ሁለት መብራቶች ፈትተን በእኔዋ መኪና ላይ፣ የእኔን ሙት መብራቶች በእሳቸው መኪና ላይ አሰርን። "ዛሬውኑ እመልሳለሁ" አልኩ።

"ቀስ ብለህ፤ እኔ የት እሄዳለሁ" አሉኝ ለይሉኝታ። እኔ ግን የምራቸውን መሰለኝ፤ ወይም እንዲመስለኝ ፈለግኩ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። የሰው መብራት ግን አድምቆኝ ምርመራውን አለፍኩ፣ ቦሎዬን ለጠፍኩ። ከዚያ በኋላ ነገ እመልሳለሁ፣ ነገ እመልሳለሁ ስል ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ጋሽ ታደለን ደጅ ሳገኛቸው "እንደምን ዋሉ" ብዬ ወሬ ሳልጨምር መግባት ጀመርኩ። የሰው ዕቃ ይዞ የከረመ ሰው ሰላምታው አጭር ነው።

አንድ ከሰዓት ከመካኒሳ ወደ ለቡ ስነዳ ዓይኔ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን አዲስ ቦሎ እያደነቀ ነበር። ከፊቴ ያለችው መኪና ቆማለች። መቆሟን የነገረኝ ኮፈኔ ነው።

የማን መኪና እንደሆነች እንኳ ሳላይ ወርጄ ጮህኩ። እንደ እኔ ያለ ሰው ሲያጠፋ ቀድሞ ይጮሃል። "እንዴት ሰው ያለ ፍሬን መብራት ይነዳል? ለሰው ነፍስ አታስብም?" የመኪናዋ በር ቀስ ብሎ ተከፈተና ጋሽ ታደለ ወረዱ። አስፋልቱ ላይ የተፈረካከሰው ቀይ ፕላስቲክ የእኔው ሙት መብራት ነበር።

ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ የሁለታችንንም መኪና አየ፣ ፍሬን አስረገጠን። የእኔዋ ቦግ አለች። "ይኸውልዎት አባት፣ መኪና አሮጌ ነው ተብሎ አይተውም። ከእሱ ይማሩ" አላቸው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ቦሎዬም ስሜም እዚያው ማለቃቸው ነው። ጋሽ ታደለ የገዛ መብራታቸውን ትክ ብለው አዩት።

"እውነትህን ነው ልጄ፤ በደንብ የተያዘ መብራት ነው" አሉ።

እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት እግሬን ረገጡኝ። እኔ ርቀት ባለመጠበቅ፣ እሳቸው መብራት ባለማሰራት ተቀጣን።

አመሻሽ ላይ ደጃቸው ተንበርክኬ በካቻቢቴ መብራቶቻቸውን ከመኪናዬ ፈታሁ። "አፈርኩ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። መሐረባቸውን አውጥተው መብራቶቹን አንድ በአንድ ወለወሏቸው፤ ጭረት እንኳ የለባቸውም።

"በጊዜው ብትመልስልኝ ኖሮ እኮ ዛሬ እነዚህን ነበር የምትሰብራቸው" አሉኝ። መብራቶቹን መኪናቸው ላይ ካሰርኩላቸው በኋላ ባዶ የቀረውን የመኪናዬን ኋላ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ነገ ጠዋት ስትወጣ ጥራኝ። ሌላ እስክታገኝ ከኋላህ እየነዳሁ አደርስሃለሁ።"

"ለምን ይቸገራሉ ጋሼ?"

"መብራት እንደሌለህ አውቃለሁ። የሚያውቅ ሰው አይገጭህም።"

አንገቴን ደፍቼ ካቻቢቴዬን አነሳሁ። ቀን የገጨኋት የእሳቸው መኪና መብራት እንደሌላት ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረም።