ሽማግሌ በላክሁበት ቀን የጮኸው ክላክስ

መኪና ሲታመም በሐቀኝነት ቢታመም ምን ነበረበት? ጎማ ሲተነፍስ ይታያል፤ ዘይት ሲያፈስ ይረገጣል። የኤሌትሪክ ሕመም ግን እንደ ቤተ ዘመድ ጠብ ነው፤ እዚህ ሲነኩት እዚያ ያለቅሳል። የእኔዋ አሮጌ መኪና ፍሬን ስይዝ የዝናብ መጥረጊያዋ ይነሣ ነበር፤ የግራ ፍሬቻ ሳበራ ደግሞ የውስጥ መብራቷ ይጠፋል። ለማን አቤት ይባላል? አምቦ ውስጥ መኪና ተበላሽቶበት የቆመ ሰው ሐኪም አያጣም። አንዱ ሳይቆም «ባትሪው ነው» ብሎ ያልፋል፤ ሌላው ኮፈኑን አስከፍቶ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ብዙ ካሰበ በኋላ እሱም «ባትሪው ነው» ይላል።

ይህን ሁሉ ችዬ እኖር ነበር። ቤንዚን በኩፖን በሚሰፈርበት በዚያ ዘመን መኪናዋ ከቆመችበት የምትነሣው አልፎ አልፎ ስለነበር ሕመሟም ያን ያህል አያስመርርም። ያልቻልኩት ነገር የመጣው አያንቱን ለማግባት ጉደር፣ አባቷ ዘንድ ሽማግሌ የላክሁ ዕለት ነው።

አባቷ ኦቦ ደበላ ጉራ የሚባል ነገር አይወዱም። ከእኔ በፊት የጠየቀ አንድ ሰው የላካቸው ሽማግሌዎች ተቀመጡ ሳይባሉ በመቀመጣቸው ብቻ በመጡበት ተመልሰዋል። እኔ ደግሞ አያንቱን ካጣሁ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ያያት ሰው ይፈርድልኛል።

ወጉ እንደሚለው አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ነገር ግን የዚያችን መኪና አመል የሚያውቅ ሌላ ሰው ከየት ይምጣ? ሹፌር ሆኜ ሄድኩ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አባባ መኩሪያ ራቅ ብዬ እንዳቆም፣ እንዳልታይ፣ እንዳልሰማ መንገዱን ሙሉ ሲመክሩኝ ነበር። አወረድኳቸው። ሦስቱም ጋቢያቸውን አስተካክለው በሩ ላይ ቆሙ፤ ኦቦ ደበላም ወጥተው «አካም ቡልተኒ» ብለው እንዴት አደራችሁ ሲሏቸው ሰማሁ። ልደበቅ ብዬ መሪውን ወደ ቀኝ ስጠመዝዝ ክላክሱ ጮኸ። መሪውን መለስኩ፤ ይጮኻል። ሞተሩን አጠፋሁ፤ ይጮኻል። ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ፤ ይባስ ብሎ ድምፁን አጠራ።

ክላክስ በሠርግ ቀን ደስ ይላል። ገና ሳይጠየቅ ከጮኸ ግን «ልጅቷን ወስደናል» ማለት ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ጉራ አለ? የሰፈሩ ሴቶች ወጥተው እልልታውን አቀለጡት። አንዳንድ ወንዶች ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ የተጠራ መስሏቸው በጓሮ ሹልክ አሉ። እኔ መሪው ሥር ተደፍቼ ያገኘሁትን ሽቦ ሁሉ እጎትታለሁ። ቢጫውን ስጎትት መጥረጊያው ተነሣ፤ አረንጓዴውን ስጎትት ፍሬቻው ብልጭ ድርግም አለ። የክላክሱ የትኛው እንደሆነ ሠሪው ብቻ ነው የሚያውቀው። ፊውዙ እንዲቃጠልልኝ ተሳልኩ፤ ለካ እሱን በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ስለተካሁት እሳት ቢነሣ እንኳ አይበገርም። በመጨረሻ ኮፈኑን ከፍቼ የባትሪውን ገመድ በፒንሳ መንጭቄ አወጣሁት። ዝም አለ። ቀና ስል ኦቦ ደበላ አጠገቤ ቆመዋል።

ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የመሪው ሽቦ ተልጦ ብረት መንካቱን እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። አግቢው አንተ ነህ ወይ አሉኝ። በቅባት የጠቆረ ፊቴን ይዤ ነኝ ከማለት በቀር ምን አማራጭ ነበረኝ? አያንቱ በመስኮት አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች። አለቀልኝ አልኩ።

ኦቦ ደበላ ዞር ብለው ሰፈሩን አዩ። ጎረቤቱ የአያንቱን እናት እያቀፈ እንኳን ደስ ያለሽ ይላል፤ እናትየውም ያልተነገራቸውን ደስታ በደስታ ይቀበላሉ። ኦቦ ደበላ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ሐሳባቸው ሽማግሌውን እስከ ሦስት ጊዜ ማመላለስ እንደነበረ፣ አሁን ግን በየቤቱ እየዞሩ ገና አልሰጠሁም ማለት እንደማይሆንላቸው ነገሩኝ። ሰጥቻለሁ አሉ። እፎይታዬን በምን ልንገራችሁ? መኪናዋን ተደገፍኩ፤ ልስማት ምንም አልቀረኝም። ቅር ያላቸው ስንት ቀን ያጠኑት ንግግር አፋቸው ላይ የቀረባቸው አባባ መኩሪያ ብቻ ናቸው።

ወደ ግቢው ስንገባ ኦቦ ደበላ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ብቻ አደራ አሉኝ፦ «ለሠርጉ በፈረስ ና። ፈረስ ሲበቃው ዝም ይላል።»