ሰዓዳን በአዲሱ ሌንስ የገደልኳት ጊዜ

ወገን፣ ቁጭ በሉማ! በሕይወት ያለች ጓደኛዬን በካሜራ ገድዬ፣ እናቷን ሁለተኛ ለቅሶ አስቀምጫለሁ ብላችሁ ማን ያምነኛል?

አዎ። እኔው ነኝ። ያቺ ፕሮፋይሌ ላይ ፈገግ ብላ የምታዩዋት ጨዋ ሴትዮ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ቤሩት ነው። ይኸው ፀጉሬ ሸበተ፣ ድንጋጤው ግን አልለቀቀኝም!

ያኔ ራስ ቤሩት በሚባል ሰፈር አንድ ማዳም ቤት ተቀጥሬ ነበርኩ። የማዳሜ ባል፣ ጌታዬ ለማለት ሙሴ እንለው ነበር፣ አዲስ ካሜራ ሲገዛ የድሮውን ለእኔ ሰጠኝ። እሁድ እሁድ የአገሬን ልጆች ማንሳት ጀመርኩ። ሁሉም ወደ ቤተሰብ የሚልከው ፎቶ ይፈልጋል። ያኒ፣ ማለቴ፣ ፎቶግራፈር ሆንኩላችሁ!

ሰዓዳ የወሎ ልጅ ናት። ሺያህ የሚባል ሰፈር ነበር የምትሠራው። እኔ የአዲስ አበባ፣ የማርያም ልጅ፤ እሷ ሰላቷን የማታሳልፍ። ግን እህቴ ነበረች።

አንድ ቀን ስልክ ተደወለልኝ። የሰዓዳ ወንድም ሰይድ ነው፣ ከደሴ። የሰዓዳ ማዳም ስልክ ስለማታስነካ የቤተሰቡ መልእክት ሁሉ በእኔ በኩል ነበር።

«እህቴ በምን ሞተች?» አለኝ።

ምን?!

ለካ እዚያው ቤሩት ሌላ ሰዓዳ የምትባል ልጅ ታማ ሞታ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ወሬው አገር ቤት ሲደርስ ስሙ ተምታቷል። ገጠር ያሉት የእኛዋ ሰዓዳ እናት ለቅሶ ተቀምጠዋል!

«ኧረ ሰዓዳ ደህና ናት! እሁድ አብረን ነበርን!» ብዬ ጮህኩ።

ሰይድ ገጠር ወርዶ ለእናቱ ነገራቸው። አላመኑም። «እኔን ለማጽናናት ነው የምትዋሹት። ካለች መልኳን አሳዩኝ» አሉ።

ቀላል ነው አይደል? ፎቶ አንስቶ መላክ!

እስቲ ገምቱ። በዚያው ሳምንት ከሰርቪስ ታክሲ ስወርድ ካሜራዬ ከትከሻዬ ወድቆ ሌንሱ ፍርክስ!

ሮጥኩ፣ ባውሽሪዬ ወደሚባል ሰፈር። እዚያ ሃጎፕ የሚባል አርመን ሽማግሌ ያገለገሉ የካሜራ ዕቃዎች ይሸጣል። ሁለት ሌንስ አወጣልኝ። ያው ሁለቱም ዙም የላቸውም፣ አያቀርቡ፣ አያርቁ። አንዱ የድሮው ስሪት ነው፤ ብረት፣ ከባድ፣ ጠርዙ የተላላጠ። ሌላው አዲሱ ስሪት፤ ቀላል፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ።

«ለአንቺ ካሜራ አሮጌው ይሻላል፣ ቢንቲ» አለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው።

ደሜ ፈላ።

እናንተ ብትሆኑስ? በማዳሜ ቤት የምለብሰው አሮጌ ነው። የምጫማው አሮጌ። የምበላው የትናንት። አሁን ደግሞ ገዝቼም አሮጌ? ሐበሻ ስለሆንኩ?

«አዲሱስ ምን ያደርጋል?» አልኩት።

«አዲሱ ፎከሱን ራሱ ያገኛል። ግን…»

«ኸላስ፣ በቃ! አዲሱን!»

ያቺን «ግን» አስታውሱልኝ። በእሷ ነው የሞትነው።

እሁድ ደረሰ። ሰዓዳ ነጭ ቀሚስ ተውሳ፣ ነጭ ሻርፕ አስራ መጣች። ኮርኒሽ፣ የባሕር ዳሩ መንገድ ላይ፣ ባሕሩን ከጀርባዋ አድርጌ አቆምኳት። ነፋሱ ሻርፑን ያውለበልበዋል። ሲያምር!

በካሜራው ሳያት ግን ጭጋግ ናት።

«ምነው ቆየሽ?» አለች።

«ቆይ፣ ራሱ ያስተካክላል።»

ጠበቅኩ። ጭጋግ።

ስጫነው ያስተካክላል ብዬ ተጫንኩ። ደግሜ ተጫንኩ። የሌንሱን ቀለበት በጣቴ አልነካሁትም! ራሱ ያያል ተብሏላ! እኔ ማን ነኝና አዲስ ሌንስ የማዝ?

ፊልሙን ፎቶ ቤት ሰጠን። ኮንትራቷን ጨርሳ ወደ አገር የምትገባ አንዲት የደሴ ልጅ ነበረች። ኤርፖርት ስትሄድ ፖስታውን ከፎቶ ቤቱ ተቀብላ፣ እንደታሸገ ይዛው በረረች። እኛ አላየነውም። ምን አስቸኮለን? እናት እያለቀሱ ነዋ!

ከዚያ ዝም ጭጭ። እኔ በልቤ የደስታ ስልክ እየጠበቅኩ ነው። መርሲ ሊሉኝ!

ስልኩ ጮኸ።

«ጥሩወርቅ ነሽ?» ሰይድ ነው።

«ነኝ! እናታችን ደስ አላቸው?»

«ምን አድርገናችኋል?» አለኝ። «የሰው ነፍስ ፎቶ ትልካላችሁ?»

«ምን?!»

«እናቴ አይታ ራሷን ስታ ወደቀች። ‹ይኸው ነጭ ለብሳ ውኃ ዳር ቆማለች፣ ፊቷን ወስደውባታል› እያለች ነው። ከኋላዋ ያለው መርከብ እንኳ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እሷ ብቻ ጭስ ናት! ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ለሶደቃ በግ ታርዷል!»

«በግ?!»

ጩኸቴ ቤቱን ሞላው። ማዳሜ ከሳሎን ሮጣ መጣች። «ሹ ፊ፣ ቲሩ? ምን ተፈጠረ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ ማዳም» አልኳት በዚያ በሚሰባበር ዓረብኛዬ። «ግን ቀብረናታል።»

ሴትዮዋ ውኃ ሰጥታኝ ሄደች።

ሰይድን በስንት መሐላ አሳመንኩት። በሚካኤልም ማልኩ፣ በእሱ በአላህም ማልኩ። «ሌላ እልካለሁ! ፊቷ የሚታይ!»

ባውሽሪዬ ስገባ ሃጎፕ ካሜራዬን ተቀብሎ በዓይኑ አየበት። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ራሱ ፎከስ የሚያደርገው አዲስ ካሜራ ላይ ሲገጠም ነው። ያንቺው ሞተር የለውም። በእጅሽ ማዞር ነበረብሽ። ልነግርሽ ስል ኸላስ አልሽኝ።»

«እኔማ ሠራተኛ ስለሆንኩ አሮጌ የምትሰጠኝ መስሎኝ…»

ሽማግሌው ክው አለ። ሰደብኩት እኮ! «እኔም ሰው አገር ነው ያደግኩት» አለና አሮጌውን ገጠመልኝ።  መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

ቀለበቱ ጠንካራ ነው። እሁድ ኮርኒሹ ላይ በእጄ ሳዞረው የሰዓዳ ፊት ከጭጋጉ ቀስ ብሎ ወጣ። ዓይኗ። ሽፋሽፍቷ። ወገን፣ እንባዬ መጣ!

ይኼኛውን ፎቶ በዓይኔ አይቼ ላክሁ። ጥርት ያለ! እንደ መስታወት!

ሰይድ ደወለ። እናት እልል ብለዋል። ፎቶውን ስመውታል። ለቅሶው ተነሥቷል።

ተመስገን!

«ግን» አለ።

ደግሞ ግን!

«ፎቶው ሁሉን ነገር ያሳያል። እናቴ ‹ጉንጯ የት ሄደ? እጇን ምን ላጠው?› እያለች ዛሬም ታለቅሳለች። ምን እያበሏት ነው?»

በረኪናው ነው እጇን የላጣት። እህል ደግሞ… ተዉት። ሁላችንም እናውቃለን።

ሁሉንም ለሰዓዳ ነገርኳት። እሷም፣ «አንቺ ጥሩ! በአዲሱ ሌንስ ጀነት አስገብተሽኝ ነበር፤ በአሮጌው አወጣሽኝ!» ብላ በሳቅ ወደቀች። እኔም ወደቅሁ። ስንስቅ ስንስቅ ለቅሶ ሆነ፣ እዚያው ኮርኒሹ ላይ።

ኮንትራቷን ስትጨርስ አገሯ ገባች። እናቷም በእጃቸው ዳሰሷት። ኸላስ፣ ያለ ሌንስ!

እኔ ዘግይቼ ገባሁና ልጠይቃቸው ገጠር ድረስ ወረድኩ። እናት አንገቴን አቅፈው አስገቡኝ። ቀና ብዬ ግድግዳውን ሳይ…

ያ ጭጋግ! ያ ነፍስ! በመስታወት ተደርጎ፣ በወርቃማ ፍሬም፣ ተሰቅሏል!

«እናቴ፣ ያ ጥርት ያለውስ?» አልኳቸው እያፈርኩ።

«እሱንማ ሳጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ የኔ ዓለም። ከስታበታለች። እዚህኛው ላይ እይልኝ፣ ወፈር ብላ፣ ደልቷት!»

ሰዓዳ ጓዳ ሆና ሳቋን አፍና ስትንፈራፈር ይሰማኛል።

ስንት ሰው አንስቻለሁ! ስንት ሠርግ፣ ስንት ክርስትና! ግድግዳ ላይ በወርቃማ ፍሬም የተሰቀለልኝ ሥራ ግን ፎከስ የሌለው እሱ ብቻ ነው።

እስቲ ፍረዱኝ፤ ፎቶግራፈር ነበርኩ እያልኩ ልፎክር፣ ወይስ አርፌ ልቀመጥ?