ዘጠኝ ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ሽማግሌ ስለመቀበል

ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.። ምግብ ቤቱ የሙሽራው አክስት ንብረት ነው።

ይህ የታወቀው የኮሚቴው አባላት ከተቀመጡ በኋላ ስለሆነ፣ ከአጀንዳዎቹ ሁሉ በፊት እንዲጻፍ ሰብሳቢው አዘዋል።

ቦታ፦ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ «ቲና» የፊሊፒኖች ምግብ ቤት፣ ዘጠኝ ቁጥር ጠረጴዛ።

የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 7:20። ጥሪው ለ6:30 ነበር።

የተገኙ፦
1. አቶ ልዑልሰገድ፣ ሰብሳቢ፣ የሙሽራዋ አባት ታላቅ ወንድም
2. አቶ ወንድሜነህ፣ አባል፣ የሙሽራዋ አባት
3. ወ/ሮ ባዩሽ፣ አባል፣ የሙሽራዋ እናት
4. አቶ ጀላልዲን፣ አባል፣ የአስፐን ሂል ጎረቤት
5. አቶ ወልደአምላክ፣ አባል፣ የወ/ሮ ባዩሽ ወንድም። ፓርኪንግ በመፈለግ ላይ ናቸው። በመስኮቱ በኩል ሦስት ጊዜ በመኪና ሲያልፉ ስለታዩ እንደተገኙ ተቆጥረዋል።
6. መርዕድ፣ ጸሐፊ፣ ያለ ድምፅ
7. ዮሐና፣ ሙሽራዋ፣ ለማስተርጎም የተጠራች፣ ያለ ድምፅ

ድምፅ ያላቸው አምስቱም አባላት ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ኮሚቴው ባለፈው ወር ሲልቨር ስፕሪንግ በሰብሳቢው ቤት የተቋቋመው የኤሊን ሽማግሌዎች ለመቀበል ነው። ኤሊ ከዮሐና ጋር አንድ ሆስፒታል የሚሠራ ፊሊፒናዊ ነው። አቶ ወንድሜነህ ልጁን አይተው አልጠሉትም፤ «ሽማግሌ ይላክ» ብቻ ብለዋል። ሽማግሌ የሚላከው ወደ ሴቷ ቤት ቢሆንም፣ አስፐን ሂል ያለው ቤታቸው የውኃ ማሞቂያው አፍስሶ ምንጣፉ ተነሥቷል። ስለዚህ ሰብሳቢው ገለልተኛ ቦታ እንዲፈልጉ ተወከሉ። በስልካቸው ላይ ብዙ ኮከብ ያለው፣ ሕፃናት የሚጮኹበት፣ ማንም ማንንም የማይሰማበት ምግብ ቤት አግኝተው ሪዘርቭ አደረጉ። የፊሊፒኖች መሆኑን ለእንግዶቹ እንደ አክብሮት ቆጥረውት ነበር።

ዮሐና ለምን ዝም እንዳለች ተጠየቀች። «ቦታውን ታውቂዋለሽ ወይ አላችሁኝ፤ ያ፣ ጥሩ ነው አልኩ። የማን ነው ያለኝ ሰው የለም» ስትል መለሰች። ካለፈው ቃለ ጉባኤ ጋር ተመሳክሮ ትክክል ሆኖ ተገኘ።

አጀንዳ 1፦ ማን በማን ቤት እንዳለ ስለመወሰን

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። የኤሊ አያት ወ/ሮ ኮራዞን፣ ዕድሜ 81፤ አጎቱ አቶ ሮዴል፣ የባሕር ኃይል ጡረተኛ፤ አክስቱ ወ/ሮ ቲና፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት። ሽማግሌ ተቀመጡ ሳይባል እንደማይቀመጥ ኤሊ ከዮሐና ሰምቶ ስለነገራቸው፣ ሦስቱም መግቢያው ላይ ባለው የዓሣ ገንዳ አጠገብ ቆመው ነበር። ወ/ሮ ቲና አንዲት አስተናጋጅ ስለቀረችባቸው በመካከሉ ትዕዛዝ ይቀበሉ ነበር፤ የሚሠሩት ቆመው ስለሆነ ደንቡን አላፈረሱም ተብሏል። አቶ ሮዴል «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» የሚለውን አማርኛ ዮሐና በእንግሊዝኛ ፊደል ከጻፈችላቸው ወረቀት ላይ ያጠኑ ነበር።

ሰብሳቢው ሁኔታው ከባድ መሆኑን አስረዱ። «ሽማግሌ ማለት ወደ ሰው ቤት የሚሄደው ነው። አሁን የሄድነው እኛ ነን። ይህ ለሚያይ ሰው፣ እኛ ወንድ ልጃቸውን ልንጠይቅ የመጣን ነው የሚመስለው» አሉ።

አቶ ጀላልዲን አንድ ነገር ልበል ብለው ተፈቀደላቸው። «ከሰው ቤት ገብተን፣ ከሰው ወንበር ተቀምጠን፣ ባለቤቶቹን በር ላይ አቁመናል። አገሬ ወሎ እንዲህ ያለ ነገር ቢሰማ ምን እላለሁ?» አሉ። ሰብሳቢው ወሎ እንደማይሰማ አረጋገጡ።

ሁሉም ተነሥቶ ወደ ሴቨን ኮርነርስ የገበያ ማዕከል እንዲሄድና ስብሰባው በመኪና ማቆሚያ ውስጥ እንዲቀጥል ሐሳብ ቀረበ። ወ/ሮ ባዩሽ ባደረጉት ጫማ የትም እንደማይሄዱ ገለጹ። ሐሳቡ ደጋፊ አላገኘም።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ።

ውሳኔ 1፦ ዘጠኝ ቁጥር ጠረጴዛ እስከ ስብሰባው ፍጻሜ የአቶ ወንድሜነህ ቤት ሆኖ ይቆጠር። ለማስረጃ የአስፐን ሂሉ ቤት ቁልፍ ከሶያ ሶሱ ጠርሙስ ጎን ይቀመጥ። በሩ የዓሣ ገንዳው ነው።

ቁልፉ ተቀመጠ።

ለወ/ሮ ኮራዞን ከዕድሜያቸው አንጻር ወንበር በሩ ላይ እንዲሰጣቸው አቶ ጀላልዲን ጠየቁ። ወንበር ተላከ። ወ/ሮ ኮራዞን አልተቀመጡም። ዮሐና ምክንያቱን ጠይቃ ተመለሰች። ቀድመው ከተቀመጡ ልጅቷ ትከለከላለች ብሎ ኤሊ ስለነገራቸው ነው። ዮሐና ይህን ስትናገር ወደ አባቷ ትመለከት ነበር። አባቷ ወደ ቁልፉ ይመለከቱ ነበር።

አጀንዳ 2፦ ምግብን በተመለከተ

ወ/ሮ ቲና ወደ ዘጠኝ ቁጥር መጥተው «በላችሁ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌ ሳይፈቀድለት በሩን ማለፉ ክርክር አስነሣ። በአስተናጋጅነታቸው እንዲገቡ፣ በአክስትነታቸው ግን ውጭ እንዲቆዩ ተፈቀደ። ይህ ሲተረጎምላቸው «ኦኬ» ብለዋል።

ሰብሳቢው፣ መልስ ሳይሰጥ የጠያቂ ወገንን ምግብ መቅመስ እሺ እንደማለት ስለሚቆጠር ማንም እንዳይነካ አሳሰቡ። በተጨማሪም የሰኔ ጾም ነው፤ የዚህ ቤት ዋና ምግብ ደግሞ አሳማ ነው። ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ጠረጴዛው ላይ ትልልቅ የሙዝ ቅጠል ተነጠፈ። በቅጠሉ ላይ ሩዝ፣ የተጠበሰ ደበርጃን፣ ጎመን፣ ፓንሲት የሚባል ቀጭን ፓስታ፣ ሉምፒያ የሚባል ረዘም ያለ የአትክልት ሳምቡሳ ተደረደረ። ሥጋ የለበትም፣ ቅቤ የለበትም። ጾሙን ኤሊ ቀደም ብሎ ኮል አድርጎ ለአክስቱ ነግሯቸዋል። ሹካ አልመጣም። ሰብሳቢው ይህ እኛን ለመምሰል ነው ወይስ በእኛ ለመቀለድ ሲሉ ጠየቁ። ዮሐና «ኖ፣ ጋሼ ልዑል፣ እነሱም ድግስ ሲሆን በእጅ ነው የሚበሉት» አለች።

ወ/ሮ ባዩሽ የቅጠሉን ጫፍ ገልብጠው አዩ። ትኩስ ነው፤ ከፍሪዘር የወጣ አይደለም። እሳቸው ላለፉት ሃያ ዓመታት ድፎ ዳቦ የሚጋግሩት በረዶ ሆኖ በሚሸጥና ሲፈታ በሚቀደድ ቅጠል ነው። ወ/ሮ ቲና ከየት እንደሚያመጡት ተጠየቁ። ውይይቱ ከአጀንዳ ውጭ ስለሆነ አልተመዘገበም፤ 14 ደቂቃ ፈጅቷል። ሁለቱ ስልክ ተለዋውጠዋል።

ወ/ሮ ባዩሽ ጠዋት የጋገሩት ድፎ ዳቦ መኪና ውስጥ መኖሩን አስታውሰው እንዲገባ ጠየቁ። ሰብሳቢው፣ ዳቦ ይዞ የሚገባው እንግዳ እንደሆነና በራሱ ቤት ያለ ሰው እንግዳ ሊሆን እንደማይችል አስረዱ።

ውሳኔ 2፦ ምግቡ ይታይ እንጂ አይነካ።

ውሳኔ 3፦ ድፎ ዳቦው መኪናው ውስጥ ይቆይ።

አቶ ጀላልዲን የልጅቷ ዘመድ ሳይሆኑ ጎረቤት መሆናቸውን፣ ጾመኛም አለመሆናቸውን ገልጸው ሉምፒያ እየበሉ ነበር። ከውሳኔ 2 ነጻ መሆናቸው በአብላጫ ድምፅ ታወቀ። ሦስተኛውን ሲበሉ ትንሽ ቀጠን ያለ ሳምቡሳ ነው የሚል አስተያየት ሰጥተዋል።

አጀንዳ 3፦ ለሽማግሌዎቹ ስለሚሰጠው መልስ

ሰብሳቢው ልጅ በመጀመሪያው ጥያቄ እንደማይሰጥ አስታውሰው፣ ሽማግሌዎቹ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ተሰጥቷቸው እንዲመለሱ ሐሳብ አቀረቡ። «ወዲያው እሺ ከተባለ ልጅቷ ለቤቷ የበዛች ይመስላል» አሉ።

ዮሐና ድምፅ ባይኖራትም እንድትናገር ተፈቀደ። በእንግሊዝኛ የተናገረችውን ጸሐፊው ወደ አማርኛ እንደሚከተለው መልሶታል። ወ/ሮ ኮራዞን ከፊሊፒንስ፣ ከኢሎኢሎ የመጡት ለዚህ ቀን ብቻ ነው። ማክሰኞ ይመለሳሉ። ሐኪማቸው ከዚህ በኋላ አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ ከልክሏል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚሰጠውን መልስ በስልክ ይሰሙታል ማለት ነው። «እኔ ሰው በስልክ እንዲሰማው አይደለም የፈለግኩት። ዳዲ ሽማግሌ አለ፣ እኔ ሽማግሌ አመጣሁ» አለች።

ድምፅ ተሰጠ። ለቀጠሮው አቶ ልዑልሰገድና አቶ ወንድሜነህ። ዛሬ እሺ ይባል ያሉ ወ/ሮ ባዩሽና አቶ ጀላልዲን። እኩል ሆነ። በዚሁ ጊዜ አቶ ወልደአምላክ ለአምስተኛ ጊዜ በመስኮቱ አለፉ። ሰብሳቢው ሁለት ጣታቸውን አሳይተው «ሁለት ሳምንት?» የሚል ምልክት ሰጧቸው። አቶ ወልደአምላክ እጃቸውን አነሡ። ወ/ሮ ባዩሽ ወንድማቸው ሰላም እያሉ ነው ሲሉ ተቃወሙ። ተቃውሞው ተመዝግቧል።

ውሳኔ 4፦ በሦስት ለሁለት ድምፅ ሽማግሌዎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሱ።

ዮሐና የእጅ ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሣች። አልወጣችም።

ውሳኔ 5፦ መልሱን አቶ ወንድሜነህ ራሳቸው ይናገሩ።

አቶ ወንድሜነህ ከመነሣታቸው በፊት ስሜታቸው እንዲታወቅላቸው ጠየቁ። በ1988 ዓ.ም. በዲቪ ከመጡ በኋላ ሽማግሌዎቻቸው ወ/ሮ ባዩሽን ከአባታቸው የጠየቁት ከዚሁ ከግሪንቤልት ወደ አገር ቤት በስልክ ነበር። መልስ ሳይሰማ መስመሩ ተቋረጠ። «ባዩሽን አገባሁ፤ ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት መልሱን ሳልሰማ ኖርኩ። እኔ ልጄን በወጉ ልስጥ ብል ምን አጠፋሁ?» አሉ።

ወ/ሮ ባዩሽ «መልሱ እንቢ ነበር» አሉ።

አቶ ወንድሜነህ በምን እንዳወቁ ጠየቁ። ወ/ሮ ባዩሽ ስልኩ ባለበት ክፍል ውስጥ እንደነበሩ መለሱ።

በአጠገቡ ባለው ጠረጴዛ የአባቶች ቀን ስለሚከበር አስተናጋጆቹ እያጨበጨቡ ዘፈኑ። ስብሰባው ለጥቂት ደቂቃ ተቋረጠ።

ሲቀጥል ወ/ሮ ባዩሽ እንዲህ አሉ። «መስመር አልተቋረጠም። አባዬ ናቸው የዘጉት። ወጉ ነው፤ በመጀመሪያው እንቢ ይባላል። መልሰህ ብትደውል እሺ ሊሉ ስልኩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። እስከ ማታ ተቀመጡ። አንተ አልደወልክም።»

አቶ ወንድሜነህ «የስልክ ካርዱ አልቆ ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ» አሉ ወ/ሮ ባዩሽ።

ሌላ አስተያየት ያለው ካለ ተጠየቀ። አልነበረም።

አቶ ወንድሜነህ መልሱን ሊናገሩ ተነሡ። ከወንበራቸው ሳይርቁ ወ/ሮ ኮራዞን ማንም ሳይጠራቸው የዓሣ ገንዳውን አልፈው መጡ። በዕድሜ ትልቅ ሰው በመሆናቸው ሁሉም አባላት ተነሡ። ስለዚህ በዘጠኝ ቁጥር ጠረጴዛ ተቀባዮቹም ጠያቂዎቹም ቆመው፣ ተቀመጡ የሚል ሰው ጠፋ። ወ/ሮ ኮራዞን በሰብሳቢው ወንበር ተቀመጡ። በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩ። ወ/ሮ ቲና ለዮሐና፣ ዮሐና ለኮሚቴው ተረጎሙ። «ምግቡ ቀዝቅዟል» ነው።

ከዚያም ሩዝና ደበርጃን በጣታቸው ሰብስበው ወደ አቶ ወንድሜነህ አፍ ዘረጉ። አቶ ወንድሜነህ ጎንበስ ብለው ጎረሱ።

ሰብሳቢው ይህ መልስ መሆን አለመሆኑን ጸሐፊውን ጠየቁ። ጸሐፊው የአቶ ወንድሜነህ አፍ ሙሉ ስለሆነ ቃል አለመሰማቱን ገለጸ። ሁሉም ጠበቀ። አቶ ወንድሜነህ ውጠው፣ ውኃ ጠጥተው፣ «እሺ» አሉ። «እሺ ብያለሁ፣ ይጻፍ። በሩ ላይ ያለው ሰውዬ ሰምቷል?» አሉ። አቶ ሮዴል እንደገና በተጀመረው ዘፈን ምክንያት አልሰሙም ነበር።

ውሳኔ 6፦ ከውሳኔ 1 እስከ ውሳኔ 5 ያለው በሙሉ ተሽሯል። ጠረጴዛው የወ/ሮ ቲና ነው። ቁልፉ ወደ ኪስ ይመለስ። ምግቡ ይበላ። ዳቦው ይግባ።

አቶ ጀላልዲን፣ ውሳኔ 1 ከተሻረ ልጁን የጠየቅነው እኛ ነን ማለት ነው ወይ ሲሉ ማብራሪያ ጠየቁ። ሰብሳቢው ወንበር ይፈልጉ ነበር።

ስብሰባው ከቀኑ 9:05 ሰዓት ተዘጋ።

ጸሐፊው ዳቦውን እንዲያመጣ፣ ሲያልፍም ለአቶ ሮዴል መልሱን እንዲነግር ታዘዘ። አቶ ወንድሜነህ ከኋላው «ሁለት ጊዜ ንገረው» አሉት። ጸሐፊው የመኪና ቁልፍ ይዞ የዓሣ ገንዳው ጋ ሲደርስ፣ አቶ ሮዴል ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉት። አንድም ቃል አልሳቱም። ጸሐፊው ድምፅ የለውም። እሺ፣ እሺ ብሎ ወጣ።